የከሚሴ ተማሪዎች ሜዳ እና ቀን ያልተቆረጠለት እገዳ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፣ ስፖርታዊ ውድድሮችና ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶች እንዲቆሙ ወሰነ። የተባለው ለ15 ቀን ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ቀናት ቆይተው ተማሪዎቻቸውን ወደየመጡበት ሸኙ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች የወጡ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ሰንበቴ ተመለሱ።

15 ቀኑ ወራት ሆነ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሚያዝያ መጨረሻ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዓመቱን ሊጎች ሰረዘ፤ አጋማሹን አልፎ የነበረው ፕሪሚየር ሊግ ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ተዘጋ። ዋንጫው ለማን ይገባ ነበር፣ መውረድ የነበረበት ማን ነው የሚለው ክርክር የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራሞችን ለሳምንታት ይዞ ቆየ። ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ኮሌጅ ስፖርት ግን የተከራከረ እምብዛም አልነበረም። ተማሪው ሲሄድ ስፖርቱም አብሮት ሄደ፤ ጉዳዩ በዚያው ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። በ2012 የኮሌጅ ውድድሮችን ማቆም ተገቢ ውሳኔ ነበር። ከውድድሩ ጋር ልምምዱን፣ የአሠልጣኙን ሥራ፣ የተማሪውን የተግባር ትምህርት ጭምር ማቆም፣ ያውም መመለሻ ቀን ሳይቆርጡ፣ ተገቢ አልነበረም። ጉዳቱ ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አላረፈም፤ እንደ ከሚሴ ባሉ አካባቢዎች ላይ ጠንክሮ ወድቋል።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ፣ ከመዲናዋ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 457 ሺህ ያህል ነበር፤ አብዛኛው በግብርናና በከብት እርባታ የሚተዳደር የገጠር ሕዝብ ነው። ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከደዋ ጨፋ፣ ከደዋ ሀረዋ፣ ከጅሌ ጥሙጋና ከባቲ የሚነሳ ወጣት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ፣ ውጤት ከመጣለት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ካልሆነም በከሚሴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይማራል። እስከዚያ ድረስ ኳስ የተጫወተው በግጦሽ መስክ፣ ባዶ እግሩን ወይም በተቀደደ ጫማ ነው። ቁጥር ያለው ማልያ የሚለብሰው፣ ታኬታ የሚያስረው፣ ስሙን የሚያውቅ አሠልጣኝ የሚያገኘውና ለውድድር ብሎ መኪና ተሳፍሮ ሌላ ከተማ የሚያድረው ብዙ ጊዜ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ነው። ለሴት ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። በመንደሯ ሜዳ ላይ የመረብ ኳስ ስትጫወት ማየት ያልለመደ ሁሉ በኮሌጅ ግቢ ውስጥ ስትጫወት ግን ብዙም አይናገርም። ግቢው ለእሷ ሜዳ ብቻ ሳይሆን ፈቃድም ነው።

ያም ሆኖ እገዳውን የደገፉ ሰዎች መከራከሪያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በጥንካሬው ልክ መቅረብ አለበት።

የኮሌጅ ቡድን ማለት በጠባብ ዶርም አብሮ የሚያድር፣ በአንድ ካፌ የሚበላ፣ በአንድ አውቶቡስ ተጨናንቆ የሚጓዝ የወጣት ስብስብ ነው። ወጣቱ ቫይረሱን ሳይታመም ሊሸከም ይችላል፤ ከውድድር መልስ የሚገባው ደግሞ አያት፣ ወላጅና ሕፃን በአንድ ጣሪያ ሥር ወደሚኖሩበት ቤት ነው። በወረርሽኙ መግቢያ ላይ ምርመራው የሚሠራው አዲስ አበባ በሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብቻ ነበር። ከደዋ ሀረዋ ገጠር አንድ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ዞኑ ደግሞ የመተላለፊያ አገር ነው። የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ በሚያመራው መንገድ ላይ ናት። የሰኞው የባቲ ገበያና የእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ከአፋር፣ ከአርጎባ፣ ከኦሮሞና ከአማራ መንደሮች ሕዝብ የሚያጎርፉ ናቸው። ገበያውን መዝጋት እህልና ከብት ሸጦ የሚያድረውን ቤተሰብ ማስራብ ነው። ውድድርን ማቆም ግን ማንንም ጦሙን አያሳድርም። ከሁለት አንዱ ይቀነስ ከተባለ የሚቀነሰው ግልጽ ነበር።

በዚያ ላይ የረመዳን ወር አለ። በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው በሚያዝያ አጋማሽ፣ ልክ እገዳው በጠነከረበት ጊዜ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በዚህ ዞን ሰው ተራዊሕን በመስጊድ፣ የኢድ ሶላትን በአደባባይ በጀማዓ መስገድ ትቶ ቤቱ ቀረ። ለሃይማኖቱ የሚሳሳ ማኅበረሰብ ከሁሉ የሚወደውን ስብስብ ለጎረቤቱ ጤና ሲል ከተወ፣ ለኳስ ጨዋታ የተለየ በር ይከፈት ብሎ የሚከራከር ሰው ፊቱን ወደ የት ያዞራል?

ጥርጣሬው ከሕክምናም በኩል ድጋፍ ነበረው። በአሜሪካ ቢግ ቴን በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ውስጥ ኮሮና ይዟቸው በዳኑ 1,597 ተወዳዳሪዎች ላይ የልብ ምርመራ ተደርጎ ነበር። ከእነሱ 37ቱ፣ ማለትም ከመቶ ሁለት በላይ፣ የልብ ጡንቻ ብግነት ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ብዙዎቹ ምንም ሕመም አልተሰማቸውም ነበር። ይህ ግኝት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የልብ ምርመራ መሣሪያ እንደልብ በማይገኝበት አካባቢ ከበሽታው የተነሳን ተማሪ ወዲያው ሜዳ አስገብቶ ማሯሯጥ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

አገሩም ቢሆን ወረርሽኝን ያውቃል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው ኢንፍሉዌንዛ፣ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ያለው፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሰው ጨርሷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ያልጠፋ ትውስታ ነው። ስለዚህ በ2012 የተወሰደው ጥንቃቄ ከፍርሃት የመነጨ ብቻ አልነበረም፤ መሠረት ነበረው።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ ከማግኘቷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 3፣ የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ዝነኛውን የቅርጫት ኳስ ውድድሩን ጨምሮ የክረምትና የጸደይ ሻምፒዮናዎቹን በሙሉ ሰርዟል። ኪሳራው ቀላል አልነበረም፤ ለአባል ኮሌጆች ሊከፋፈል ከታሰበው 600 ሚሊዮን ዶላር የተከፋፈለው 225 ሚሊዮን ብቻ ነው። ነገር ግን ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ማኅበሩ ሌላ ውሳኔ ወሰነ፤ የጸደይ ውድድራቸው የተሰረዘባቸው ተማሪዎች የመጫወቻ ዘመናቸው በአንድ ዓመት እንዲራዘም ፈቀደ። ተሰርዞ የቀረው ውድድሩ ነው፤ የተማሪው ዕድል ተመልሶለታል። በነሐሴ ወር ቢግ ቴን የአሜሪካ እግር ኳስ ወቅቱን አራዘመ፤ ወላጆች፣ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ተከራክረው፣ ዕለታዊ ምርመራ የሚደረግበት ዘዴ ሲገኝ በመስከረም ወር ሐሳቡን ቀየረ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወረርሽኙ ባባሰው የገንዘብ ችግር 11 የስፖርት ዓይነቶችን ሊዘጋ ተነስቶ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎቹ አላስቀመጥ ብለውት በዓመቱ ውሳኔውን ሻረ። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የገንዘብ ባሕር ነው፤ ከከሚሴ ጋር ማወዳደሩ አይገባም የሚል ሊኖር ይችላል። በገንዘቡ ልክ ነው። ተማሪውን የሚመለከት ውሳኔ በተወሰነ ጊዜ እንደገና እንዲታይ ማድረግ፣ ተማሪውም ስለጉዳዩ እንዲጠየቅ ማድረግ ግን ዶላር አይጠይቅም።

ለዚህ ማስረጃው እዚሁ አገር አለ። ፕሪሚየር ሊጉ ከተሰረዘ በኋላ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር ለ5 ዓመት የሚዘልቅ፣ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የስርጭት ስምምነት ተፈራረመ። ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሊጉ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተጀመረ። ክለቦቹ በየሳምንቱ አገር ለአገር እንዳይዞሩ ተብሎ ሁሉም በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተዘዋወሩ። ተጫዋቾች ተመረመሩ፣ የተመልካች ቁጥር ተገደበ፣ ዓመቱ ተጠናቀቀ፤ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆነ። የጅማው ዙር የተካሄደው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። የዩኒቨርሲቲ ሜዳ በጥንቃቄ ለባለሙያ ክለቦች መከፈት ከቻለ፣ በዚያው ዘዴ ለተማሪዎች ልምምድ የማይከፈትበት የጤና ምክንያት አልነበረም። የጎደለው ጉዳዩን የእኔ ነው ብሎ የሚይዝ አካል ነበር። ፕሪሚየር ሊጉ ተቋም፣ ውልና ተመልካች አለው፤ የከሚሴ ኮሌጅ የመረብ ኳስ ቡድን እንደገና ይጀመር ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍለት የለውም።

የሩጫውም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተለመደው የኅዳር ቀኑ ተገፍቶ፣ የተሳታፊው ቁጥር ተቀንሶና በየተራ እየተለቀቀ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 27፣ ለተሰንበት ግደይ በቫሌንሲያ የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን 14 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ከ62 መቶኛ ሰከንድ በሆነ ሰዓት ሰብራለች። ሰለሞን ባረጋም ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ ዓመት በተራዘመው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣ። እነዚህ ሰዎች ውድድር በቆመባቸው ወራት ከሥልጠና አልቆሙም፤ ብቻቸውንም ሆነ በትንሽ ቡድን እየሮጡ ከረሙ። አሠልጣኝ፣ ፕሮግራምና የሚጠብቃቸው ቀን ነበራቸው።

የኮሌጅ ተማሪውስ? የመምህራን ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተማሪን ብናይ፣ ስፖርት ለእሱ መዝናኛ አይደለም፤ ሙያው ነው። ነገ በአርጡማ ፉርሲ ወይም በጅሌ ጥሙጋ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቦ፣ በአፋን ኦሮሞ እያስተማረ፣ ሕፃናትን ማሰለፍ፣ ማሟሟቅ፣ መዝለልና መወርወር ማሳየት፣ የተጎዳን ልጅ ማንሳት ይጠበቅበታል። ይህ በሞጁል ንባብ አይገኝም። የሰው ሰውነት ካላደረገው አያውቀውም። በ2013 ግቢዎች ተመራቂዎችን አስቀድመው ሲቀበሉ የባከነውን ወር ለማካካስ ትምህርቱ ተጨመቀ፤ ሲጨመቅ ደግሞ በየትኛውም ተቋም መጀመሪያ የሚሸራረፈው የተግባር ሰዓት ነው። በዚያ ዓመት ወጥቶ ዛሬ የሚያስተምር መምህር እጅ ያሉ ሕፃናት ያልተጠበቁ የወረርሽኙ ተጎጂዎች ናቸው፤ ስማቸውም በማንም መዝገብ የለም።

ወደየቤቱ የተመለሰው ወጣት ቀኑን በምን እንዳሳለፈም የዞኑ ወላጆች ያውቃሉ። ለእርሻ የሚፈለገው እርሻ ገባ፣ ከብት የሚጠብቀው ጠበቀ፤ ለከተማው ልጅ ግን ሜዳውም ግቢውም ሲዘጋ ክፍት የቀረለት የጫት መቃሚያ ክፍል ነበር። እዚያ ሰው ከሰው ጋር በተዘጋ መስኮት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ለሰዓታት ይቀመጣል። ከጨፋ ሜዳ ላይ በጠዋት አየር ተራርቆ ከመሮጥ ይልቅ ለቫይረሱ የሚመቸው የትኛው እንደሆነ ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እገዳው የታሰበለትን ሥራ የሚሠራው ሰው ሜዳውን ትቶ ቤቱ ሲቀመጥ ነው፤ ሜዳውን ትቶ ወደ ባሰ ቦታ ከሄደ ግን ትርፉ ወደ ኪሳራ ይዞራል። እግዱ ሲጻፍ ይህ ታስቦበት ቢሆን ኖሮ «ውድድርና ተመልካች ክልክል፤ ከአራት ሰው በማይበልጥ ቡድን፣ በሜዳ ላይ፣ ኳስ ሳይቀባበሉ ልምምድ ይፈቀዳል» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ራሱ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ነበር የከለከለው።

ከሚሴ ላይ ነገሩ የባሰበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ይህን ሳያነሱ ስለ ወረርሽኙ ብቻ ማውራት የአካባቢውን ወጣት አለማየት ነው። ኮሌጆች እግር ተክለው ሳይጨርሱ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሰንበቴ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው ብዙ ሰው የሞተበትና የተፈናቀለበት ግጭት ተነሳ። በ2014 መግቢያ ወራት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አዳረሰ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ንብረቱ ወደመ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ። ከ2015 ክረምት ወዲህም በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገዱን በየጊዜው ይዘጋል። በመጋቢት 2012 ለ15 ቀን የተባለው እገዳ በሌላ ቦታ በወረርሽኙ ማብቂያ አበቃ፤ እዚህ ግን አንዱ ምክንያት ለሌላው እያስረከበው ሄደ። በ2012 ፍሬሽማን የነበረ ልጅ የግቢ ዘመኑን በሙሉ በመቋረጥና በመመለስ አሳለፈ።

ጦርነቱን ያመጣው የስፖርት እገዳ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያስብም የለም። ግን የዚያ አካባቢ የኦሮሞ፣ የአማራና የአርጎባ ልጆች ያለ አማላጅ፣ ያለ ስብሰባ፣ ዳኛ በሚነፋው ፊሽካ እየተገዙ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ገበያው አንዱ ነው። የትምህርት ቤትና የኮሌጅ ሜዳ ሌላው ነው። ከአጣዬ የመጣ ተከላካይና ከሰንበቴ የመጣ አጥቂ በአንድ ማልያ አንድ ዓመት ከተጫወቱ በኋላ በመካከላቸው የሚኖረውን መተዋወቅ የትኛውም የሰላም ኮንፈረንስ በሁለት ቀን አያመጣውም። ሜዳው ሲዘጋ የሚታጣው ይህ ጭምር መሆኑን ውሳኔ ሰጪ ሁሉ ከመዝጋቱ በፊት ሊመዝነው ይገባል።

ሌላ ወረርሽኝ ይመጣል። ኮሌራ በቅርብ ዓመታት በአገሪቱ ብዙ ቦታዎች ተመላልሷል፤ ወባ ለጨፋ ቆላ አዲስ አይደለም፤ የመተንፈሻ በሽታም አንድ ቀን ይመለሳል። በዚያን ጊዜ የከሚሴ ኮሌጆች፣ የዞኑ ትምህርት መምሪያና የስፖርት ጽሕፈት ቤት እንደገና ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ይዘው መቀመጥ የለባቸውም። የጤና ባለሙያ፣ የስፖርት መምህርና ተማሪ ያሉበት ኮሚቴ ከወዲሁ ሊቋቋም ይችላል። ምን ደረጃ ሲደርስ ውድድር እንደሚቆም፣ ልምምድ በምን መልክ እንደሚቀጥል፣ የተግባር ትምህርት ለተጓደለበት ተማሪ ሰዓቱ መቼ እንደሚካካስ፣ በሽታው ይዞት የዳነ ተጫዋች ስንት ቀን እንደሚያርፍ አስቀድሞ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሊጽፍ ይችላል። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ እገዳ በወጣበት ወረቀት ላይ እንደገና የሚታይበት ቀን ይጻፍበት፤ ቀኑ ሲደርስ መቀጠል ካለበት ይቀጥል፣ ግን ምክንያቱ ለተማሪው በአደባባይ ይነገረው። የዞኑ ምክር ቤት ይህን በሚቀጥለው ጉባኤው አጀንዳ አድርጎ ቢይዘው የሚያስፈልገው በጀት ከወረቀትና ከአንድ ቀን ስብሰባ አይበልጥም።